እግር መዘርጋት ቅንጦት አይደለም
ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አምቦ የሚያደርሰው መንገድ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጅ ታቅፋ፣ ዘንቢሏን በእግሮቿ መሐል አድርጋ፣ ጉልበቷ ከፊቷ ወንበር ጋር ተጣብቆ የተጓዘች እናት ስትወርድ እግሯ አብጦ ጫማዋ ይጠባታል። ብዙዎች ድካም ነው ብለው ያልፉታል።

ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው የባት ጡንቻ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየገፋው ነው። እግር ታጥፎ ሲቆይ ደሙ ይዘገያል፤ አልፎ አልፎም ይረጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ ይህን አደጋ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። አደጋው በጤነኛ ሰው ላይ አነስተኛ ቢሆንም፣ ከአምቦ አልፈው እስከ ባኮ የሚዘልቁ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች በተለይ ሊጠነቀቁ ይገባል።

ስለዚህ ዘንቢሉን ከእግራችሁ ሥር አንሱ፤ ቁርጭምጭሚታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ፤ መኪናው ሲቆም ወርዳችሁ ተራመዱ። አንዱ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራተኛ ሲጨመርም ዝም አንበል። ለነፍሰ ጡር ቦታ መልቀቅ ውለታ ሳይሆን የሁላችን ግዴታ ነው።