ባዶ ቀለህ እንደገና ሲሞላ

አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት ጠመንጃ በ1874 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ነው። ጥይቱ በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ስለ ነበር ባዶው ቀለህ አይጣልም፤ መለኮሻው ተለውጦ፥ ባሩድና እርሳስ ገብቶበት እንደገና ይተኮስ ነበር።

ታዲያ በእጅ የተሞላ ጥይት ዒላማ የሚስተው ስለ ምንድን ነው? ባሩዱ በግምት ሲሰፈር አንዱ ይበዛል፥ ሌላው ያንሳል። በሩቅ ዒላማ ላይ የበዛለት እርሳስ ፈጥኖ ከፍ ብሎ ይመታል፤ ያነሰበት ዘግይቶ ዝቅ ይላል። ተኳሹ ግን ክንዱን ወይም ጠመንጃውን ይወቅሳል።

ስለዚህ የጥሩ ጥይት ቁም ነገር ብርታት ሳይሆን መመሳሰል ነው፤ ባሩዱ በሚዛን፥ እርሳሱ በአንድ ክብደትና ቅርጽ፥ ቀለሁም በአንድ ርዝመት። ብርታት ፈልጎ ከልክ በላይ የጨመረ ሰው ግን ጠመንጃውን ሊያፈነዳ፥ ዓይኑንም ሊያጣ ይችላል።