ያውቁ ኖሯል? የውሻና የድመት ትውውቅ

በአማኑኤልና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ድመት ጎተራውን ከአይጥ፣ ውሻ ግቢውን ከጅብና ከሌባ ይጠብቃሉ። የሚጣሉት ብዙውን ጊዜ ምልክታቸው ስለማይገጥም ነው፤ ውሻ ጅራቱን የሚወዘውዘው አብዛኛውን ጊዜ ሲደሰት ነው፤ ድመት ግን ጅራቷን ወዲያ ወዲህ ስታማታ ተቆጥታለች። ትውውቁ በጠረን ይጀመራል፤ አንዱ የተኛበት ጨርቅ ለሌላው ይነጠፋል። ከዚያ ውሻው ታስሮ፣ ድመቷም የምትወጣበት ቆጥ ኖሯት ከሩቅ ይተያያሉ። ጆሮዋ ወደ ኋላ ከተለጠፈና ጀርባዋ ከጎበጠ ለዕለቱ ይበቃል፤ ማስገደድ ፍርሃቱን ያባብሳል እንጂ አያላምድም። ቡችላ ከ3 እስከ 12፣ የድመት ግልገል ከ2 እስከ 7 ሳምንት ዕድሜ ላይ በቀላሉ ይለምዳሉ። ድመትም በእብድ ውሻ በሽታ ስለምትያዝ ክትባቱ ለሁለቱም ያስፈልጋል።