የማገዶ እንጨት አቀማመጥና ከምስጥ መጠበቂያው

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ማገዶ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ መግዣውና ስለ ፈለጣው እንጂ ስለ አቀማመጡ አይደለም። እኔም እንደዚሁ ነበርሁ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ ከቤታችን ግድግዳ ጋራ አስጠግተን የከመርነውን የባሕር ዛፍ ፍልጥ በመስከረም ብናነሣው፣ የታችኛው ረድፍ ውስጡ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም የባሰው፣ ምስጡ በክምሩ ተሻግሮ ማገሩንና አንዱን ምሰሶ በልቶት ኖሯል። ምሰሶውን ለመለወጥ የወጣው ገንዘብ ለብዙ ወር ማገዶ ይበቃ ነበር። ስለዚህ መርምሬ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ምስጥ በምዕራብ ወለጋ ሰብልና ቤት በማጥፋት የታወቀ ነው፤ በሌላውም አገር አይጠፋም። ብዙው ዓይነት የሚኖረው በመሬት ውስጥ ነው። ገላው ለስላሳ ስለ ሆነ ብርሃንና ደረቅ አየር አይስማማውም፤ ወደ እንጨት ሲወጣም የአፈር መሸፈኛ እየሠራ በውስጡ ይጓዛል። እንጨቱ መሬት ከነካ ግን ይህን መድከም እንኳ አያስፈልገውም። እንግዲህ መከላከያው ከመሬት ማራቅና ማድረቅ ነው።

አንደኛ፤ እንጨቱን በእርጥቡ ልጦ መፍለጥ ይገባል። ቅርፊት እርጥበት ይይዛል፤ እንጨት ሰርሳሪ ጥንዚዛም በሥሩ ይራባል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህም ይስማማል።

ሁለተኛ፤ በድንጋይ ላይ አግዳሚ አጋድሞ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ መደርደር ነው። ምስጥ በድንጋዩም ላይ መንገድ ሊሠራ ስለሚችል በየሳምንቱ እያዩ መጥረግ ያሻል።

ሦስተኛ፤ ክምሩን ከግድግዳ አንድ ሜትር ያህል አርቆ፣ ላዩን በቆርቆሮ ከድኖ፣ ጎኑን ለነፋስ ክፍት መተው ነው።

አራተኛ፤ የቆየውን አስቀድሞ ማንደድ፣ ወደ ቤትም የዕለቱን ብቻ ማስገባት ነው። በክምር ውስጥ እባብና ጊንጥ ስለሚጠለሉ፣ እጅ ከመስደድ በፊት በዱላ መታ መታ ማድረግ ይበጃል።

በማገዶ ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት መርጨት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ መርዙ ከጭሱ ጋራ ወደ ሳንባና ወደ ምግብ ይገባልና።

የደረቀ እንጨት ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ሁለት ፍልጥ ሲጋጭም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥብ እንጨት ግን ሙቀቱን ውሃውን በማትነን ስለሚጨርሰው ጭሱ ይበዛል። ያ ጭስ የሚገባው በእናቶቻችን ዓይንና ሳንባ ነው። ስለዚህ እኛ ልጆች ክረምት ሳይገባ አንድ ቀን ብንደክም፣ ቤታችንን ከምስጥ፣ እናቶቻችንንም ከጭስ እናድናለን።