መንገድ ላይ የሚተፋና ሰው ፊት የሚያስል ሲያጋጥመን

እህቶቼ፣ ጅዳ ውስጥ ለአስቤዛ ወይም ገንዘብ ለመላክ ስንወጣ ከሙቀቱ በላይ የሚያማርረን የአንዳንድ ሰው ጠባይ ነው። በለድ፣ ባብ መካ ገበያ ስንገፋፋ አንዱ አክታውን እግራችን ሥር ይተፋል፣ ሌላው አፉን ሳይሸፍን ፊታችን ላይ ያስላል። እኔም በሰው ቤት ስሠራ ይህ ነገር በጣም ያናድደኝ ነበር። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ከውጭ ጉንፋን ይዞን ስንገባ «በሽታ አመጣሽብን» የምንባለው እኛው መሆናችን ነው። ሳህንና ብርጭቆ የሚለዩብን ቤቶችም አሉ።

ስለዚህ የሚያስጠላንን ከሚያስፈራን እንለይ። መሬት ላይ የተተፋ አክታ ያስጠላል። ቲቢ ግን በዋናነት የሚተላለፈው የታመመ ሰው ሲያስል በሚወጣው አየር ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በተዘጋ ቤት አብሮ ብዙ በመቆየት። በሳህንና በብርጭቆ አይተላለፍም፤ ይህን ማዳምም ብታውቀው ጥሩ ነው። ማጅራት ገትር ደግሞ ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ፣ በቅርብ ርቀት ይተላለፋል። ለሐጅና ለዑምራ የሚመጣ ሰው የማጅራት ገትር ክትባት እንዲወስድ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። መካ፣ ሐረም አካባቢ ሕዝቡ ሲበዛ ማስክ ማድረግ ይጠቅማል። ቤት እንደገባችሁ ምግብም ልጅም ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሕጉስ ምን ይላል? «የሰው አገር ነው፣ ባህላቸው ነው» ስንል እንሰማለን። አይደለም። ሳዑዲ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የአደባባይ ሥነ ምግባር ደንብ መሠረት ሕዝብ በሚሄድበት ቦታ መትፋትና ቆሻሻ መጣል 500 ሪያል ያስቀጣል፤ በዓመት ውስጥ ከተደገመ ቅጣቱ እጥፍ ነው። ደንቡ እኛንም ይመለከታል፤ ሶፍት እንያዝ፣ ከሌለን ክርናችን ላይ እናስል። ከተፋው ሰው ጋር ግን አፍ አትካፈቱ። ፊታችሁን አዙራችሁ ራቅ በሉ፤ ጠብ ከተነሳ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ።

ከታመማችሁ ደብቃችሁ አትሥሩ። ሳል ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሌሊት ካላባችሁ፣ ከከሳችሁ ወይም አክታችሁ ደም ካለው የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋችኋል። ድንገተኛ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና አንገት አልታጠፍ ማለት ካለ ግን ነገ አትበሉ፤ በ997 አምቡላንስ ጥሩ። ለጤና ምክር የጤና ሚኒስቴር ቁጥር 937 ነው። የቤት ሠራተኞች ደንብም የሐኪም ወረቀት ላላት ሠራተኛ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። «ማዳም፣ አሞኛል፣ ሐኪም ልይ» ማለት ድፍረት አይደለም፣ መብታችን ነው።