የሚይዝ አለት፣ የሚሰጥ አለት

የከርሰ ምድር ውሃ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከእግራችን ሥር የተኛ ሐይቅ ነው። ከዋሻ በቀር እንዲህ ያለ ነገር እምብዛም አይገኝም። ውሃው ያለው በአሸዋ ቅንጣቶች መሃል፣ በአለት ስንጥቅና ቀዳዳ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ጂኦሎጂስት ስለ አለቱ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ስንት እጁ ባዶ ቦታ ነው? ይህ ቀዳዳማነት፣ ፖሮሲቲ ይባላል። ባዶው ቦታ ተያይዞ ውሃ ያሳልፋል ወይ? ይህኛው አሳላፊነት፣ ፐርሚያቢሊቲ ነው። ብዙ የያዘ ብዙ የሚሰጥ ይመስላል፤ መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላ አፈር ግን ይህን ግምት ያፈርሳል። የሸክላ አፈር ግማሽ ያህሉ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ከጠጠር እንኳ ይበልጣል። ክፍተቶቹ ግን እጅግ ረቂቅ ስለሆኑ ውሃውን አንቀው ይይዙታል። ክረምት ላይ ማሳው ውሃ የሚያቁረው ለዚህ ነው።

እኩል የሆኑ ድቡልቡል ቅንጣቶች ተጠጋግተው ሲደረደሩ፣ ጤፍ ያህሉም ይሁኑ አተር፣ ባዶው 26 በመቶ ገደማ ነው። ቅንጣቱ አሥር እጥፍ ሲተልቅ ግን አሳላፊነቱ መቶ እጥፍ ገደማ ያድጋል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ዳርሲ ውሃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ በ1856 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የዲዦን ከተማን ውሃ ሲያጠና ነው።

ለእኛ የቅርቡ ምሳሌ አቃቂ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ የሚያገኙት ከተሰነጣጠቀ ባዛልትና ከስኮሪያ ነው፤ የመንገድ ሠራተኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ጠጠር። ቅልጡ አለት ሲፈነዳ ጋዙ አረፋ አረፋ አድርጎት ይረጋል። በጠጣር ባዛልት ውስጥ አረፋዎቹ ተለያይተው ከቀሩ ውሃ አያሳልፉም፤ ስኮሪያ ግን ፍርክስክስ ስለሆነ በጠጠሮቹ መሃል ውሃው እንደ ልብ ያልፋል።

እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ቸርነቱ ነው። ውሃ በቀላሉ የሚሰጥ አለት ቆሻሻም በቀላሉ ይቀበላል፤ የአቃቂ ወንዞች ደግሞ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክመው በዚያው ሜዳ ያልፋሉ። ከላይ ያለው ጥቁር ሸክላ በመጠኑ ይከላከላል፤ በበጋ ግን እሱም ይሰነጠቃል። ከጉድጓዱ የሚወጣውን ውሃ መመርመር ብቻ አይበቃም፤ ዝናቡ ወደ አለቱ የሚሰርግበት ሜዳም መጠበቅ አለበት።