አዲስ ቱርቦ ከመገዛቱ በፊት

የዛሬው ንግግራችን አሮጌ መኪና ገዝተው በትርፍ ጊዜያቸው ለሚያድሱ ሰዎች የታሰበ ነው። ይኸውም የሞተሩ ቱርቦ በደከመ ጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ፥ ከዚያም ይልቅ ዘይቱ የሚፈስበትና አየሩ የሚያመልጥበት ስፍራ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ያስረዳል። ነገሩን በአንድ በታወቀ መኪና ላይ አድርገን እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው ላንድ ክሩዘር 80 ከነበሩት ሞተሮች አንዱ፥ ባለ 6 ሲሊንደር፥ 4.2 ሊትር የሆነ፥ በናፍጣ የሚሠራና ቱርቦ ያለው ነው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለብዙ ዓመታት ከደመወዙ ባጠራቀመው ገንዘብ እንዲህ ያለውን መኪና ገዛ እንበል። መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ከማርሚታው ሰማያዊ ጢስ ይወጣል፤ በቆመበትም ስፍራ ዘይት ይንጠባጠባል። ወደ ጋራዥ በወሰደው ጊዜ «ቱርቦው ሞቷልና ይለወጥ» ይሉታል። ተበድሮም ቢሆን አዲስ ገዝቶ ያስገጥማል። ጥቂት ወራት ሳያልፉ ያው ሰማያዊ ጢስ ተመልሶ ይመጣል። ቱርቦ ብዙውን ጊዜ በራሱ በሽታ አይሞትም፤ የሚገድለው ሌላው የሞተር ክፍል ነው። ገዳዩ ሳይታወቅ የሟቹን ምትክ ማስገባት፥ ሁለተኛውንም ለዚያው ገዳይ አሳልፎ መስጠት ነው።

ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ የተተከሉ ሁለት ትንንሽ ባለ ክንፍ መዘውሮች ናቸው። አንደኛውን ከሲሊንደሮቹ የሚወጣው የጋለ ጢስ ያሽከረክረዋል፤ ሁለተኛውም አብሮ እየዞረ ንጹሑን አየር በፊልትሮው በኩል ስቦ፥ አምቆ ወደ ሞተሩ ይልከዋል። ለዚህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት ያገኘው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ነበር። በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ራስ አስወጥቶ ፈተነው። በባሕር ወለል ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር፥ በ4300 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት ግን 356 ደረሰ።

ይህ የተራራ ፈተና እኛን በጣም ይመለከተናል። አዲስ አበባ ወደ 2400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ እንደ መሆኗ፥ የአየሯ ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦው በዙሪያው ካለው አየር በላይ 0.6 ባር ግፊት እንዲጨምር የተሠራ ቢሆን፥ በወደቡ ላይ አየሩን 1.6 ጊዜ ማመቅ ይበቃዋል፤ በአዲስ አበባ ግን ለዚያው 0.6 ባር 1.8 ጊዜ ያህል ማመቅ ይኖርበታል። በደቂቃ ከ100000 ጊዜ በላይ የሚዞረው ዘንግ ስለዚህ ከዚያም ይበልጥ ይፈጥናል። በዚህ ላይ ቱቦው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፥ የታመቀው አየር ሾልኮ ይወጣል፤ ግፊቱም ልኩ ላይ ስለማይደርስ ትርፉን ጢስ በጎን የምታሳልፈው መዝጊያ ሳትከፈት ትቀራለች። ያን ጊዜ ጢሱ ሁሉ መዘውሩን ያለ ልክ ያጣድፈዋል። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ የሚያፏጭ ቱርቦና ከኋላው የሚታየው ጥቁር ጢስ ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክቶች ናቸው።

ወደ ዘይቱ እንመለስ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው በዚህ ነውና። ዘንጉ የሚዞረው በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ነው። ዘይቱ በቀጭን ቧንቧ ተገፍቶ ይገባል፤ ሲወጣ ግን በታች ባለው ሰፊ ቧንቧ በገዛ ክብደቱ ብቻ እየወረደ ወደ ሞተሩ ሆድ ይመለሳል። በዘንጉ ጫፎች ያሉት ቀለበቶች እንደ ጠርሙስ ክዳን የሚያሽጉ አይደሉም። ስለዚህ የመውረጃው ቧንቧ በጥቀርሻ የጠበበ እንደ ሆነ፥ ወይም በሞተሩ ሆድ ውስጥ ግፊት የበዛ እንደ ሆነ፥ ዘይቱ መሄጃ ሲያጣ በቀለበቶቹ በኩል ያልፋል። አዲስም ቢሆን ከዚህ አይድንም።

እንግዲህ ቱርቦው ከመፈታቱ በፊት ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ይከፈት። ጢሱ በኀይል እየገፋ የሚወጣ ከሆነ፥ መካኒኮቻችን ፋሻ የሚሏቸው የፒስተን ቀለበቶች ሳይደክሙ አልቀሩም፤ ወይም ሞተሩ የሚተነፍስበት ቱቦ ተደፍኗል። ሁለተኛውን ማጽዳት ምንም ያህል ወጪ የሌለው ስለ ሆነ አስቀድሞ እርሱ ይታይ። በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮም ዘይቱን ከቱርቦው መጥጦ ያወጣዋል፤ በበጋ ወራት በጥርጊያ መንገድ የሚሄድ ሰው ይህን ሊዘነጋ አይገባውም። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የአየር መግቢያው ቱቦ ወልቆ ዘንጉ በጣት ይፈተን። ወደ ላይና ወደ ታች በጥቂቱ ቢነቃነቅ የተለመደ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እንደ ልብ የሚመላለስ ከሆነ፥ ወይም ክንፎቹ ግድግዳውን የፋቁበት ምልክት ከታየ፥ ቱርቦው በእውነት አልቋል።

የሚንጠባጠበውን ዘይት በተመለከተ፥ ዘይት የሚታይበት ስፍራ የሚፈስበት ስፍራ አለመሆኑን ማወቅ ያሻል። ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድም ነፋሱ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ስለዚህ ሞተሩ በደንብ ታጥቦ ይድረቅና አጭር መንገድ ተሂዶበት በባትሪ ብርሃን ይታይ፤ ከሁሉ ላይኛው እርጥብ ቦታ ነው ምንጩ። ቱርቦው ተከሶ ጥፋተኛው የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን ጓርኒሲዮን፥ ወይም በዘይት ቧንቧው ቡሎን ሥር ያለች አንዲት የመዳብ ቀለበት ሆና የምትገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

አየር የሚያመልጥበትን ለማግኘት የቱርቦው መግቢያ ይደፈንና ከጎሚስታ ቤት እንደሚገኘው ባለ መንፊያ ከግማሽ ባር ብዙ ያላለፈ አየር ይሞላበት፤ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ሲቀባ አረፋው ቦታውን ያሳያል። ይህ ሞተር ከፋብሪካው ሲወጣ አየር ማቀዝቀዣ ራዲያተር ስላልተገጠመለት መንገዱ አጭር፥ ፍለጋውም ቀላል ነው። ከአየር ማስገቢያው ወደ ናፍጣው ፖምፓ የምትሄደዋን ቀጭን ቱቦ ግን ብዙዎች ይዘነጓታል። ፖምፓው የአየሩን ግፊት አውቆ ናፍጣ የሚጨምረው በእርሷ ስለ ሆነ፥ እርሷ ከተሰነጠቀች መኪናው ምንም ጢስ ሳያሳይ ጉልበት ያጣል። የቱርቦ ዋጋና የዚህች ቱቦ ዋጋ የሚወዳደሩ አይደሉም።

መለወጡ ግድ ከሆነ፥ ዘይት የሚያስገባው ቀጭን ቧንቧ አብሮ ይለወጥ፤ በሙቀት ብዛት ውስጡ በከሰል የተደፈነውን ማጽዳት አስተማማኝ አይደለም። የመዳብ ቀለበቶቹና ጓርኒሲዮኖቹ ሁሉ አዲስ ይሁኑ። በዘይቱ መግቢያና መውጫ ላይ ሲሊኮን መቀባት ፈጽሞ አይገባም፤ ቁርጥራጩ ወደ ውስጥ ገብቶ የዘይቱን መንገድ ይዘጋልና። በአየር ቱቦዎቹ ውስጥ የተጠራቀመው ዘይትም ይጠረግ። ይህ ለንጽሕና ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ የናፍጣ ሞተር ያንን ዘይት እንደ ነዳጅ ማቃጠል ከጀመረ ቁልፉ ቢዘጋም አይቆምም፥ እየፈጠነ ሄዶ ራሱን ይሰብራል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ማዳኛው የአየሩን መግቢያ በጠፍጣፋ እንጨት መድፈን ነው፤ እጅን ማስጠጋት ግን ጣት ያስቆርጣል።

ከተገጠመም በኋላ በመግቢያው ቀዳዳ ንጹሕ ዘይት ይጨመርበት። ናፍጣው ተቋርጦ የዘይቱ ግፊት በመለኪያው ላይ እስኪታይ ድረስ ሞተሩ በማስነሻው ብቻ ይዙር፤ ከዚያ ይነሣና ሳይረገጥ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ቡሎኖቹ ቀዝቅዘው ሳሉ እንደ ገና ይጥበቁ፤ የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ ይላላልና። ረጅም ዳገት ወጥቶ የቆመ መኪናም ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፤ ዘንጉ እየዞረ ሳለ ዘይቱ እንዳይቋረጥበት። ስለ ናፍጣው ፖምፓና ስለ ኖዝሎቹ በሌላ ቀን እንነጋገራለን።