ዳይቱ አምስቴ ከከሸፈ በኋላ፦ የጨጓራ ቀዶ ጥገና ይደረግ ወይስ ይቅር?



ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሦስት ነን። ሁለታችን የምህንድስና ተማሪዎች ስንሆን አንዷ እህታችን ፋርማሲ ናት። ያስጻፈን ደግሞ ደሴ የሚኖሩ የአንዳችን አክስት ናቸው። ለዒድ ልንዘይራቸው በሄድንበት ቀን ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ፣ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይኼን ጨጓራ የሚቆርጡትን ነገር አንብቡና ንገሩኝ። ጂዳ ያለችው የጎረቤቴ ልጅ አሠርታ ግማሽ ሆናለች። ወንድሜ ግን ነፍስያሽን አሸንፊ ይለኛል» አሉን። እኛም እናነባለን ብለን ቃል ገባን። አንብበን ስንጨርስ ግን ጥያቄው የአንድ አክስት ብቻ እንዳልሆነ ገባን። በየቤታችን ስኳርና ደም ግፊት ይዞት፣ ጉልበቱን እያመመው፣ ዳይት ጀምሮ የሚያቋርጥ ሰው አለ።

አክስታችን አምስት ጊዜ ሞክረዋል። ሎሚ በሙቅ ውሃ የመጀመሪያው ነበር። ቀጥሎ አራት ወር ሙሉ እንጀራ ትተው 14 ኪሎ ቀነሱ፤ በዓመቱ 17 ኪሎ መለሱ። ከዚያ ከዩቲዩብ ያገኙትን ኬቶ ሞከሩ። አራተኛው ከገበያ የተገዛ «የሚያከሳ ሻይ» ሲሆን የተረፋቸው ተቅማጥ ብቻ ነው። አምስተኛው ሐኪም ያዘዘላቸው ሥርዓት ነበር፤ እሱም ለጊዜው ሠርቶ ተመለሰ። አሁን 115 ኪሎ ናቸው፤ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ60። ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ከያዛቸው ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ስለ ነፍስያ የተባለውን ቀድመን እንነሳበት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ የሚቀረው በዚህ ቃል ነው። እኚህ ሴት ሰኞና ሐሙስን ለዓመታት የጾሙ ናቸው። ረመዷንን አንድ ቀን አላጓደሉም። ከፈጅር እስከ መግሪብ ውሃ የማይቀምስን ሰው «ራስህን መግዛት አቃተህ» ማለት ምን ማለት ነው? ሆድን በሦስት ስለማካፈል የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም ከመድረሳ ጀምሮ እናውቀዋለን። ለራስ መመሪያ እንጂ ወፍራም ሰው በመጣ ቁጥር የሚወረወር ድንጋይ አይመስለንም።

ታዲያ ኪሎው ለምን ይመለሳል? በኮንትሮል ሲስተም ትምህርት የምናውቀው ነገር እዚህ ይረዳል። ፍሪጅ የሚፈልገው የሙቀት ልክ ተሞልቶለታል። በሩን ከፍተን ብንተወው ሙቀቱ ይጨምራል፤ ኮምፕረሰሩ ደግሞ ወደ ተሞላለት ልክ ለመመለስ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ሰውነትም እንዲሁ የለመደውን ክብደት ይጠብቃል። ስንከሳ ከስብ ሕዋሳት የሚወጣውና ለአንጎል «በቂ ስንቅ አለ» የሚለው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ይቀንሳል። በአብዛኛው ከጨጓራ የሚወጣው የረሃብ ሆርሞን ግሬሊን ደግሞ ይጨምራል። ሌፕቲን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1994፣ ግሬሊን በ1999 ስለሆነ ይህ እውቀት ከኛ ዕድሜ ብዙም አይርቅም።

አሜሪካ ውስጥ «ዘ ቢገስት ሉዘር» የሚባል የቴሌቪዥን የመክሳት ውድድር ነበር። ተመራማሪዎች 14 ተወዳዳሪዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መልሰው መዘኗቸው። በውድድሩ በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው የነበሩት ሰዎች 41ዱን መልሰዋል። ይበልጥ የገረመን ግን ሌላው ነው። አርፈው ሲቀመጡ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ኃይል፣ በዚያ ክብደትና ዕድሜ ካለ ሰው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ነበር። ይህ ውጤት በ2016 ሲታተም ስድስቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ኮምፕረሰሩ ግን አልጠፋም። አክስታችን ይህን ስንነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «እንጀራ የተውኩበት ጊዜ ለካ እሱ ነው ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ» አሉ።

ቀዶ ጥገናው የሚለየው የፍሪጁን በር ትቶ ማስተካከያውን ቁልፍ የሚነካ በመሆኑ ነው። (ምሳሌው ፍጹም አይደለም፤ ሰው ፍሪጅ አይደለም።) ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ናቸው። በስሊቭ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ ተቆርጦ ይወጣና የሙዝ ቅርጽ ያለው ጠባብ ቱቦ ይቀራል። የሚወጣው ክፍል ብዙውን ግሬሊን የሚያመርተው ስለሆነ ረሃቡም አብሮ ይቀንሳል። በባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች፤ ምግቡ ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ይዘላል። ስሊቭ አይመለስም፤ የተቆረጠው ተቆርጧል።

ለማን ነው የሚገባው? መለኪያው ቢ.ኤም.አይ ይባላል፤ ክብደትን በኪሎ ወስዶ በቁመት ካሬ ማካፈል ነው። የአክስታችን 115 ለ2.56 ሲካፈል 45 ገደማ ይመጣል። ከ1991 ጀምሮ የነበረው መመሪያ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም 35 ሆኖ ተጓዳኝ በሽታ ላለው ይል ነበር። በ2022 ሁለት የቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት ልኩን አውርደው 35 ለሆነ ሁሉ፣ የስኳር በሽታን የመሰለ ሕመም ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ እንዲታሰብ መክረዋል። ስለዚህ ሠርግ ስለደረሰ አምስት ስድስት ኪሎ መቀነስ የምትፈልግ እህት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለችም። ዑለማዎችም ለሕመም በሚደረግና ለውበት ብቻ በሚደረግ ቀዶ ጥገና መካከል ስለሚለዩ፣ የራሱን ሁኔታ መጠየቅ የፈለገ ሰው የሐኪሙን ቃል ይዞ ወደሚያምነው ኡስታዝ ይሂድ።

ጥቅሙን በተመለከተ ረጅሙ ማስረጃ በ1987 የተጀመረው የስዊድን ጥናት ነው። ቀዶ ጥገና ያደረጉ 2,010 ሰዎችን ካላደረጉ 2,037 ሰዎች ጋር አነጻጸረ። በ2007 በወጣው ውጤት፣ የዕድሜና የሌላው ልዩነት ታሳቢ ተደርጎ፣ ባደረጉት ላይ የመሞት ዕድሉ 29 በመቶ ያህል ዝቅ ያለ ነበር። የስኳር በሽታ ከነበረባቸው መካከል በሁለተኛው ዓመት 72 በመቶው በሽታው ለቋቸው ነበር፤ በአሥረኛው ዓመት ግን 36 በመቶ ብቻ ቀሩ። ያኔ የሚሠራው የቀዶ ጥገና ዓይነት በአብዛኛው ዛሬ የተተወው ቢሆንም «አንዴ ተሠርቶ አለቀ» የሚለው ወሬ ልክ እንዳልሆነ ያሳያል። መጠኑንም እንወቅ፦ በስሊቭ በአማካይ ከጠቅላላ ክብደት አንድ አራተኛ ገደማ ይወርዳል። ለአክስታችን 29 ኪሎ ማለት ነው፤ 86 ኪሎ ይሆናሉ። ቀጭን አይሆኑም። ጉልበታቸውና ስኳራቸው ግን ልዩነቱን ያውቁታል።

አሁን ወደ ጉዳቱ። በሠለጠነ ማዕከል በመጀመሪያው ወር የሚሞተው ከ1,000 ሰው ከ1 እስከ 3 ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ለቤተሰቡ ግን ትንሽ አይደለም። ከሁሉ የሚፈራው የተሰፋው መስመር አፍስሶ የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃ መግባቱ ነው። ይህ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት የሚከሰት ሲሆን ምልክቱ የልብ ምት መፍጠን፣ ትኩሳት፣ የሆድ ወይም የትከሻ ሕመም ነው። ከስሊቭ በኋላ ቃር የሚበረታባቸው አሉ። በፍጥነት ሲከሳ የሐሞት ጠጠር ሊፈጠር ይችላል። በሦስተኛው ወር አካባቢ ፀጉር ይረግፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ልጅ መውለድ የሚያስቡ እህቶች ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እንዲቆዩ ይመከራሉ።

አሁን ሁሉም ሰው ዘልሎት የሚያልፈውን እንንገራችሁ፦ ማግስቱን። ቫይታሚን ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ የዕድሜ ልክ ናቸው፤ በየጊዜው የደም ምርመራም አለ። (ካፕሱሉ ከምን ጄላቲን እንደተሠራ የፋርማሲ ባለሙያውን መጠየቅ አይከፋም፤ ብዙው በእንክብልም ይገኛል።) በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ስለሚይዝ ከእንቁላል ብቻ እናግኘው ካልን 10 እንቁላል ይሆናል፤ ያውም ከሻይ ብርጭቆ ብዙም በማይበልጥ ጨጓራ። ስለዚህ እንቁላሉ፣ ዓሣው፣ እርጎው፣ ምስሩ ይቀድማል፤ እንጀራው ቦታ ከተረፈ ነው። ደግነቱ ሽሮ ልክ በለስላሳው ምግብ ሳምንታት የሚፈቀድ ዓይነት ነው። የሚያስቸግረው ጉርሻ ነው። «በአላህ ይቺን ብቻ» ተብላ የምትሰጠው አንዲት ትልቅ ጉርሻ ለእንደዚህ ያለ ጨጓራ ግማሽ ምሳ ነች፤ እምቢ ቢባል ይቀየማሉ፣ ቢዋጥ ያስመልሳል። ቤተሰቡ ካልተስማማ ማዕድ ላይ መዋል ፈተና ይሆናል።

ረመዷንን ደግሞ በቁጥር እንየው። ከመግሪብ እስከ ፈጅር በአገራችን 11 ሰዓት ገደማ አለ። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ በየሩብ ሰዓቱ 100 ሚሊ ሊትር እየተባለ ሲጠጣ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይወስዳል። ከምግብ በፊትም በኋላም ግማሽ ግማሽ ሰዓት ስለማይጠጣ፣ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሦስት ማዕድ 4 ሰዓት ተኩል ይይዛል። ድምሩ 8 ሰዓት ከሩብ ነው። ተራዊሕና እንቅልፍ የት ይግቡ? ለዚህ ነው ብዙ ሐኪሞች ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ድረስ እንዳይጾም የሚመክሩት። ከዚያ በኋላ ሰውነቱ ሲለምድ በሐኪም ፈቃድ የሚጾሙ ብዙ ናቸው። ቀዷውን እንዴት እንደሚያወጡ ግን ከኡስታዝ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

ኢስታንቡል በርካሽ ይሠራል የሚለውን ማስታወቂያ አክስታችንም አይተውታል። ሐኪሞቹ መጥፎ ናቸው አንልም። ሆኖም ሰውየው በአምስተኛው ቀን አውሮፕላን ተሳፍሮ ቢመጣና በአሥረኛው ቀን ሌሊት ልቡ መምታት ቢጀምር፣ የሚቀበለው ማን ነው? ያንን ቀዶ ጥገና የሚያውቅ፣ ፋይሉን የያዘ ሐኪም በስንት ሰዓት መንገድ ላይ ይገኛል? ዋጋው ሲሰላ ይህና የዓመታቱ ቫይታሚን አብሮ ይደመር።

ስለ መርፌዎቹም ጠይቀውናል። ሴማግሉታይድ የተባለው በ2021 በታተመ ጥናት በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ገደማ አስቀንሷል፤ ሲቋረጥ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሰው ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። ያለማቋረጥ መግዛት ለሚችል ሰው መንገድ ነው። ለአክስታችን ዋጋው የሚቻል አልሆነም።

ያነበብነውን ሁሉ ስንነግራቸው በሞቱ ቁጥር ላይ ብዙም አልቆዩም። ፊታቸው የጠቆረው የመጀመሪያውን ረመዷን እንደማይጾሙ ሲሰሙ ነው። «ሌላው ሁሉ ሲጾም እኔ በጓዳ እንቁላል ልቀቅል?» አሉ። እኛ አድርጉ ወይም ተዉ አላልናቸውም። በእኛ ግምት ግን አምስት ጊዜ ለሞከረ፣ ስኳር ላለበት፣ 45 ላይ ለደረሰ ሰው ስድስተኛ ዳይት ማዘዝ ከቀዶ ጥገናው ያነሰ አደጋ አይደለም፤ ይህንንም በግልጽ ነግረናቸዋል።

እሳቸው ሁለት ሳምንት አሰቡበት፤ ኢስቲኻራም ሰገዱ። አሁን አዲስ አበባ አንድ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ለመጀመሪያ ምርመራ ቀጠሮ ይዘዋል። ቀኑን ሸዋል ላይ ያደረጉት መጪውን ረመዷን ጾመው ለመጨረስ ነው። ይህን ጽሑፍ ስናጠናቅቅ ደወሉልንና «ያንን የእንቁላሉን ሒሳብ በወረቀት ጻፉልኝ» አሉ። ለምን ብንላቸው «ለወንድሜ ነዋ! ሸኝቶኝ የሚሄደው እሱ ነው» አሉን።